ምስክር የሌለበት ሌሊት

በቻይና በምሥራቅ ሐን ሥርወ መንግሥት ዘመን ከነበሩት ሹማምንት መካከል፣ ስሙ እስከ ዛሬ ከንጽሕና ጋር የሚነሣው ያንግ ዠን ነው። በሁዋ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በሁዋዪን ተወልዶ፣ ረጅም ዘመኑን የኮንፉሺየስን ትምህርት በማጥናትና ደቀ መዛሙርት በማፍራት አሳለፈ። ሹመት በተደጋጋሚ ቢቀርብለትም አልተቀበለም፤ ወደ መንግሥት ሥራ የገባው ዕድሜው 50 ዓመት ከደረሰ በኋላ ነበር።

የዶንግላይ አገረ ገዥ ሆኖ ተሹሞ ሲጓዝ በቻንግዪ በኩል አለፈ። የወረዳው ገዥ ዋንግ ሚ ቀደም ሲል በያንግ ዠን ድጋፍ ለሹመት የበቃ ሰው ነበርና፣ ጨለማን ተገን አድርጎ 10 ጂን ወርቅ፣ በዛሬው ሚዛን 2 ኪሎ ተኩል ያህል፣ እጅ መንሻ ይዞ ገባ። ያንግ ዠን እርሱ የወዳጁን ጠባይ ሲያውቅ ወዳጁ የእርሱን አለማወቁ እንዳስገረመው ገለጸለት። ዋንግ ሚ ጊዜው ሌሊት ስለ ሆነ የሚያውቅ እንደሌለ ቢናገርም፣ ያንግ ዠን ሰማይና መንፈስ፣ ሰጪና ተቀባይ እያወቁት ዐዋቂ የለም ማለት እንደማይቻል መለሰለት። ዋንግ ሚም አፍሮ ወጣ።

ወርቁ ላለፈ ውለታ ምስጋና ነው ሊባል ይችል ነበር፤ ፈተናውም የከበደው በዚሁ ምክንያት ነው። በችሎታ ለተገባ ሰው የተሰጠ ድጋፍ ዋጋ ከተቀበሉበት፣ የትናንቱ ቅን ፍርድ ዛሬ ሽያጭ ሆኖ ይገኛል። የኮንፉሺየስ ተከታዮች ሰው ብቻውን ሲሆን ይበልጥ ራሱን ይጠብቅ ብለው የሚያስተምሩት ይህን መሰሉን ሰዓት አስበው ነው።

በኋላም የዡዎ አገረ ገዥ በነበረ ጊዜ፣ ቤተሰቡ አትክልት እየበላ በእግሩ ይሄድ ነበር። ወዳጆቹ ለልጆቹ ሀብት እንዲያኖር ቢመክሩት፣ የንጹሕ ሹም ልጆች መባልን ማውረስ እንደሚበቃ አስረዳቸው።

ራስን መግዛት ግን ከመከራ አላዳነውም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ123 ዓ.ም. ከሦስቱ የመንግሥት ታላላቅ ሹመቶች አንዱን ቢይዝም፣ የንጉሠ ነገሥቱን ሞግዚትና የቤተ መንግሥቱን ጃንደረቦች ብልሹነት በይፋ በመቃወሙ በ124 ዓ.ም. ተሽሮ ወደ አገሩ እንዲመለስ ታዘዘ፤ በመንገድም መርዝ ጠጥቶ ሞተ። ንጉሠ ነገሥቱ ካረፈ በኋላ ክብሩ ተመልሶለት በማዕረግ ተቀበረ። ከእርሱም በኋላ ልጁ፣ የልጅ ልጁና የልጅ ልጁ ልጅ በተከታታይ ለዚያው ከፍተኛ ሹመት በቁ። ያኖረላቸው ርስት ስሙ ብቻ ነበር።