ላልተወለደው ሕዝብ የተሠራ ቦይ

የከተማ ዕድገት የሚለካው ለዓይን በሚታዩት ሕንፃዎችና አደባባዮች ብቻ አይደለም። ከጎዳናው ሥር ያለውን፣ ይኸውም ንጹሕ ውሃ የሚገባበትን፣ ፍሳሽና ጎርፍ የሚወጣበትን መሥመር ካልመረመርን ፍርዳችን ጎደሎ ይሆናል። ለዚህም የእንግሊዛዊው መሐንዲስ የጆሴፍ ባዛልጄት ሕይወት ሁነኛ ትምህርት ይሰጠናል።

ባዛልጄት እ.ኤ.አ. በ1819 ለንደን አጠገብ በኤንፊልድ ተወለደ። በአየርላንድ በመሬት ማጠንፈፍ ሥራ ሠለጠነ፤ በ1849 የለንደንን ፍሳሽ ይቆጣጠር በነበረው መሥሪያ ቤት ተቀጠረ።

በዚያን ጊዜ ኢንዱስትሪው ሠርቶ አደሩን ከየገጠሩ እየሳበ የለንደንን ሕዝብ ከ2 ሚሊዮን በላይ አድርሶት ነበር። የመጸዳጃ ጉድጓዶች ሞልተው ይፈሱ ነበር። ባለሥልጣኖች ፍሳሹ ወደ ቦዮች እንዲለቀቅ ባዘዙ ጊዜ ቆሻሻው ሁሉ ወደ ቴምስ ወንዝ ወረደ፤ የግል የውሃ ኩባንያዎችም ከዚያው ወንዝ እየቀዱ ለሕዝቡ ይሸጡ ነበር። በ1848 እና በ1849 ኮሌራ ከ14 ሺህ በላይ የለንደን ነዋሪዎችን ፈጀ።

ባዛልጄት በ1856 የከተማይቱ የሥራ ቦርድ ዋና መሐንዲስ ሆኖ ፕላኑን ቢያቀርብም ጉዳዩ በክርክር ተጓተተ። በ1858 በጋ ግን የወንዙ ግማት በዳርቻው ወደተሠራው ፓርላማ ዘለቀ። የድሃው ሞት ያላስቸኮላቸው እንደራሴዎች የገዛ አፍንጫቸው ሲነካ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሕጉን አጸደቁ።

ፕላኑ 132 ኪሎ ሜትር የሚሆኑ ዋና ቦዮችን ከወንዙ ጎን ለጎን በመዘርጋት ፍሳሹን ቴምስ ሳይደርስ ጠልፎ ከከተማው በስተምሥራቅ ማውጣት ነበር። ቁልቁለት ባለበት ፍሳሹ በራሱ ይወርዳል፤ ቦታው ዝቅ ባለበት የእንፋሎት ፓምፕ ያነሣዋል። ዋናው ቁም ነገር ግን ስሌቱ ነው። ባዛልጄት በጊዜው በተቆጠረው ሕዝብ አልተወሰነም፤ ገና ቤት ያልተሠራባቸውን መስኮች ወደፊት ከሚሰፍርባቸው ሰው ጋር አሰበ፤ የዝናቡንም ድርሻ ጨመረ። የወንዙ ዳር ግንብ ሲገነባም ቦዩ፣ የምድር ውስጥ ባቡሩና ሰፊው ጎዳና በአንድ ፕላን ተያይዘው ተሠሩ።

ሥራው ያልተጠናቀቀበት ሠፈር ምን እንደደረሰበትም ታሪክ ይመሰክራል። በ1866 ኮሌራ ተመልሶ ሲመጣ ከ5 ሺህ በላይ ሰዎችን የገደለው በአብዛኛው በምሥራቅ ለንደን ነበር። በዚያ የሠርቶ አደር ሠፈር ዋናው የፓምፕ ጣቢያ ገና አላለቀም፤ አንድ ኩባንያም ያልተጣራ ውሃ አከፋፍሎ ነበር። ወረፋው መጨረሻ የደረሰው ሕዝብ ዋጋውን በሕይወቱ ከፈለ።

የባዛልጄት ሥራ ጉድለት አልነበረውም አንልም። ፍሳሹ ሳይጣራ ከከተማው በታች ወደ ወንዙ ይለቀቅ ነበር። እርሱ በ1891 ካረፈ በኋላም የለንደን ሕዝብ ከግምቱ አልፎ ሄደ፤ ከባድ ዝናብ ሲጥል ቦዮቹ እየሞሉ ወደ ቴምስ ይገነፍሉ ጀመር። በመሆኑም ይህን ትርፍ ፍሳሽ የሚቀበል 25 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ዋሻ ተቆፍሮ በ2025 ሙሉ በሙሉ ከቦዮቹ ጋር ተገናኘ።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንገነዘባለን። አንደኛ፣ ቦይ የሚለካው ዛሬ በሚኖረው ሕዝብ ሳይሆን ነገ በሚመጣው ነው፤ እርሱም ቢሆን በየዘመኑ እንደገና መመርመር ይገባዋል። ሁለተኛ፣ ሥራው መጀመር ያለበት ግማቱ ከባለሥልጣን መስኮት ሲደርስ ሳይሆን አደጋው በመጀመሪያ ከሚያገኘው ሠፈር ነው። ስለዚህ ጎዳና ሊነጠፍ ሲታቀድ ከሥሩ ምን እንደሚያልፍና ለስንት ዘመን እንደተሰላ መጠየቅ የመሐንዲሱ ብቻ ሳይሆን የየሠፈሩ ነዋሪም ተግባር ነው።