ሩዶልፍ ዲዝል፦ አየርን አምቆ እሳት የጫረው መሐንዲስ

ሩዶልፍ ዲዝል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 ከጀርመናውያን ወላጆች ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። በ1870 የተቀሰቀሰው ጦርነት ቤተሰቡን ከፈረንሳይ ሲያፈናቅል፣ እርሱ ለትምህርት ወደ ጀርመኗ አውግስቡርግ ተላከ። ሙኒክ ውስጥ ምሕንድስና ሲያጠና የእንፋሎት ሞተር አብዛኛውን ሙቀት በከንቱ እንደሚያባክን ተረዳ።

መፍትሔውን በእመቃ ፈለገ። በሲሊንደር ውስጥ በኃይል የታመቀ አየር ይግላል፤ የሚረጭበትንም ነዳጅ ያለ ካንዴላ ያቀጣጥላል።

እመቃ ግን አደጋ አለው። በ1893 በመጀመሪያው ሙከራ የግፊት መለኪያው ፈንድቶ ዲዝል ከሞት ለጥቂት ተረፈ። አስቀድሞ ያሰበውን ግፊት እጅግ ዝቅ አድርጎ፣ ሞተሩንም ደጋግሞ አሻሽሎ፣ በ1897 ከነዳጁ ኃይል 26 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ የሚለውጥ ሞተር አሳየ። የዘመኑ የእንፋሎት ሞተሮች ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር የሚሰጡት።

ዝናው ከዕዳ አላዳነውም። በ1913 ወደ እንግሊዝ ሲጓዝ ሌሊት ከመርከብ ጠፋ፤ አስከሬኑ ከቀናት በኋላ ባሕር ላይ ተገኘ።

ባለ ቱርቦ ሞተር አፍርሶ የሚገጥም መካኒክ ዛሬም የእርሱን ጥያቄ ይጠይቃል፦ ምን ያህል ይታመቅ? ቱርቦው አየሩን አስቀድሞ ስለሚያምቅ፣ የሲሊንደሩ እመቃ ከልክ ካለፈ ፒስተኑም ጓርኒሲዮኑም አይችሉትም።