ዶክተር አክሊሉ ለማና የእንዶድ ምርምራቸው

በሰሜን ወሎ የላስታ አካባቢም ሆነ በሌሎች የአገራችን ወይናደጋና ደጋማ ቦታዎች እንዶድ ለኅብረተሰቡ እንግዳ ተክል አይደለም። ሳሙና እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን እናቶች የደረቀውን ፍሬ ወቅጠውና በውሃ በጥብጠው ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት ኖረዋል። በላሊበላ የገና በዓል ላይ ለሚለበሰው ነጭ ልብስ ጽዳት እንዶድ ውለታ የዋለ ተክል ነው። ይህን የልብስ ማጠቢያ ፍሬ ለሰው ልጅ ጤና መጠበቂያነት በማጥናት ለዓለም ያስተዋወቁት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ በ1928 ዓ.ም. ተወለዱ። በአሜሪካ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን የተቀበሉ ሲሆን፣ የምርምር ትኩረታቸውም የገጠሩን አምራች ኃይል ከሚያዳክሙት በሽታዎች አንዱ በሆነው ቢልሃርዚያ ላይ ነበር።

የቢልሃርዚያ ጥገኛ ትል እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ወደ ውሃ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ተራብቶ ይወጣና የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። በሽታው በአብዛኛው የሚከሰተው ዝቅ ባሉና ሞቃት በሆኑ ቦታዎች በመሆኑ፣ እንደ ላስታ ካሉ ከፍተኛ ቦታዎች ወደ ቆላ ወርዶ ወንዝ የሚሻገረው፣ የሚታጠበውና መስኖ የሚያጠጣው ሰው ለበሽታው ይጋለጣል።

በወቅቱ ለሕክምና ይውሉ የነበሩት ከአንቲሞኒ የተሠሩ መድኃኒቶች ለታማሚው እጅግ ከባድ ነበሩ። ለሳምንታት በመርፌ የሚሰጡ ከመሆናቸውም በላይ ብርቱ ማስመለስ የሚያስከትሉና ልብን የሚጎዱ በመሆናቸው፣ የሐኪም ክትትል በሌለበት ገጠር መስጠቱ አዳጋች ነበር። ቀንድ አውጣዎችን ለማጥፋት ከውጭ የሚገቡት ኬሚካሎችም ቢሆኑ ዋጋቸው የድሃ አገሮችን አቅም የሚፈታተን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ በአድዋ የቢልሃርዚያን ሥርጭት በሚያጠኑበት ወቅት፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በርካታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። የእንዶዱ አረፋ በሕይወት ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ እንዲጨመር አድርገው ሲሞክሩትም ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። በዚህም ብዙዎች በየዕለቱ እያዩ ያለፉትን ነገር ለምርምር ጥያቄነት አበቁት።

ጥያቄውን በአገር ውስጥ ለመመለስ ተቋም ማስፈለጉን በመገንዘብም፣ እ.ኤ.አ. በ1966 በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተካሄደው የአምስት ዓመት ሙከራ የእንዶድ ዱቄት በወንዞች ውስጥ ሲጨመር ቆይቶ፣ በሽታው ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ዝቅ አለ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በአሜሪካ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም በተደረገው ተጨማሪ ጥናትም ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ሳፖኒን ተለይቶ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ።

ይሁን እንጂ የእንዶድ ጉዞ በዚህ አልተቃናም። ዓለም አቀፍ የጤና ድርጅቶችና ለጋሾች ተክሉ ለሰውና ለአካባቢ ጉዳት የማያስከትል መሆኑ ዕውቅና ባለው ቤተ ሙከራ እንዲረጋገጥ ጠየቁ። ለሕዝብ የሚቀርብ ማንኛውም ነገር ከጉዳት ነፃ መሆኑ መረጋገጥ ያለበት በመሆኑ ጥያቄው ተገቢ ነበር። ችግሩ ግን ምርመራው ከፍተኛ ገንዘብ የሚጠይቅ መሆኑና በአፍሪካ የተሠራው ጥናት በቂ ክብደት አለመሰጠቱ ነበር። በዚህ ሳቢያ ረጅም ዓመታት ባክነዋል።

በእነዚህ ዓመታት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ቦታዎች የእንዶድ ዝርያዎችን በማሰባሰብ፣ ቁጥር 44 የተባለውን የተሻለ ዝርያ መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1986 በሉሳካ በተካሄደ ሳይንሳዊ ዓውደ ጥናት ጉዳዩ እንደገና ትኩረት አገኘ። ከዚያም በካናዳ በተደረገ ምርመራ፣ እንዶድ ዓይንን ክፉኛ የሚቆጠቁጥ ቢሆንም በሚፈለገው መጠን ውሃ ውስጥ ሲጨመር ለሰው አሳሳቢ ጉዳት እንደማያደርስ ተረጋገጠ። ዓሣን የሚጎዳ ቢሆንም በውሃ ውስጥ ፈጥኖ ኃይሉን ያጣል።

ሁለቱ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ በተለይም በፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ጥናት ማዕከል አገልግለዋል። የአፍሪካ ችግር በአፍሪካውያን ተመራማሪዎችና ተቋማት መጠናት እንዳለበት እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ሲሟገቱ ቆይተው፣ መጋቢት 27 ቀን 1989 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተገኘው ፕራዚኳንቴል የተባለው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት የአንቲሞኒን መርፌ ተክቶ፣ ዛሬ በአገራችን ለተማሪዎች በዘመቻ ይታደላል። የጎንዮሽ ጉዳቱም አብዛኛውን ጊዜ ቀላልና ቶሎ የሚያልፍ ነው። ይሁንና የዳነ ሰው ወደ ተበከለ ውሃ ከተመለሰ ዳግመኛ ስለሚያዝ፣ ቀንድ አውጣውን የመቆጣጠር ጉዳይ ዛሬም አስፈላጊነቱን አላጣም። እንዶድ ግን እስካሁን በታሰበው ስፋት ሥራ ላይ አልዋለም።

ዶክተር አክሊሉ የመሠረቱት ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ተሰይሞ ሥራውን ቀጥሏል። የሕይወት ታሪካቸው እንደሚያስረዳው የአገር በቀል ዕውቀት ለሕዝብ ጥቅም የሚበቃው በመገኘቱ ብቻ አይደለም። ፈዋሽነቱንና ጉዳት አልባነቱን በራሱ ቤተ ሙከራ መርምሮ የሚያረጋግጥና ውጤቱም ተቀባይነት የሚያገኝ ተቋም ሲኖር ነው። ይህን መሰል ተቋም በበጀትና በሰው ኃይል ማጠናከር ደግሞ በየደረጃው ያሉ ኃላፊዎች ድርሻ ይሆናል።