ጥላሁን ገሠሠና ከዘፈኑ ጀርባ የተሰማው

ጥላሁን ገሠሠን የማያውቅ የማኅበራችን አባል የለም። እንጀራ ስንጋግር፣ በርበሬ ስንቀነጥስ፣ ልጅ ስንድር ድምፁ ከእኛ ጋር ነበር። ወጣት አባሎቻችን ግን የሚያውቁት በአብዛኛው በሠርግና በፍቅር ዘፈኖቹ ነው። በዚህ እትም እስር ቤት ስላስገባው ዘመን፣ ስለ ድርቁ ጊዜና ሰው በዘፈኑ ውስጥ ይሰማው ስለነበረው ሌላ ነገር ጥቂት ልንጽፍ ወደናል።

የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ከተማዋ ያኔ በጣሊያን እጅ ነበረች። እናቱ ወይዘሮ ጌጤ ጉርሙ ይባላሉ። ልጅነቱን ያሳለፈው ወሊሶ፣ አያቱ ቤት ሲሆን የተማረው በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ነው። አያቱ ትምህርቱን እንዲይዝ ይፈልጉ ነበር። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ አቶ ሸዳድ የሚባሉ ሱዳናዊ፣ በተቃራኒው ልጁን ዘፈን ላይ ያበረታቱት ነበር። አንድ ጊዜ የሀገር ፍቅር ሙዚቀኞች ወሊሶ መጥተው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ዝግጅት አቀረቡ። ከመካከላቸው አቶ ኢዮኤል ዮሐንስና ወይዘሮ ንጋቷ ከልካይ ነበሩ። ጥላሁን አቶ ኢዮኤልን አናገራቸው፤ እሳቸውም አዲስ አበባ እንዲሄድ ነገሩት።

ለቤተሰቡ ሳይናገር በእግሩ ተነሣ። አያቱ ተከትለው ቱሉ ቦሎ ላይ ደረሱበት። እዚያው አንዲት ዘመድ ቤት አድሮ በማግስቱ ወደ ወሊሶ ተመለሰ። ልጁ ግን የቆረጠ ነበር፤ አያቱ ቤት ያደረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። በሁለተኛው ቀን በጭነት መኪና ላይ ተደብቆ ከተማ ገባ። ያ የወሊሶ መንገድ ዛሬም ወደ ከተማ የሚገባው በእኛው ክፍለ ከተማ፣ በአየር ጤና በኩል ነው።

በአያቱ መፍረድ አይቻልም። አዝማሪ የሚለው ቃል ስድብ በነበረበት ዘመን ልጄ ዘፋኝ ይሁንልኝ የሚል ሰው ከየት ይመጣል? ለወንድ እንዲህ ከከበደ፣ ወይዘሮ ንጋቷ ከልካይ በዚያ ዘመን ሴት ሆነው መድረክ ላይ ሲቆሙ ምን ምን ሰምተው ይሆን? እኛም ብንሆን ዛሬ ልጃችን ባንድ ውስጥ ልግባ ብትል ስንቶቻችን እሺ እንላለን? ነገሩን በስብሰባችን አንሥተነው ነበር፤ እጅ ያወጣነው ከግማሽ አንበልጥም።

መጀመሪያ የቀጠረው ሀገር ፍቅር ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ ሕዝቡን ለመቀስቀስ እንደ ማኅበር የተቋቋመ ነበር፤ ቲያትር ቤት የሆነው በኋላ ነው። ጥላሁን ከዚያ ወደ ክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ተሻገረ። ክብር ዘበኛ የንጉሡ የቅርብ ጠባቂ ጦር ነው። ዘፋኞቹም የጦሩ ባልደረቦች ነበሩ፤ ዩኒፎርም ለብሰው ይዘፍናሉ። ስሙ በመላው አገር የታወቀው እዚያ ሳለ ነው።

ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ብራዚል በነበሩበት ጊዜ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከገርማሜ ንዋይ ጋር ሆነው መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሸፈ። ገርማሜ ሞቱ፤ ጄኔራሉ በዚያው ዓመት ተሰቀሉ። ከዚያ ጦር ጋር ስሙ የተያያዘ ሁሉ ተጠረጠረ፤ ጥላሁንም ከታሰሩት አንዱ ሆነ። ያኔ ገና ሃያ ዓመቱ ነበር።

ከግርግሩ ወዲህ ሰው ዘፈኖቹን የሚያዳምጠው በሌላ ጆሮ ሆነ። አልቻልኩም የሚለው ዘፈኑ ላይ ላዩን የፍቅር ስቃይ ነው። ሰሚው ግን ያልቻለው ማን እንደሆነ፣ ያቃተውም ምን እንደሆነ በየቤቱ ለራሱ ይተረጉም ነበር። ሰምና ወርቅ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ሳንሱር የሚያደርገው ሹም ሰሙን አይቶ ያሳልፋል፣ ሕዝቡ ወርቁን ይወስዳል። ግጥሞቹን አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉለት ሌሎች ስለሆኑ ድፍረቱ የገጣሚዎቹ ነው የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት አለው። ግን በመድረክ ላይ ፊቱ የሚታየውና ቢያዝ የሚያዘው ዘፋኙ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጥላሁን በኦሮምኛም ዘፍኗል፤ አካም ነጉማን የማያውቅ ማን አለ? ዛሬ ይህ እንደ ተራ ነገር ይታይ ይሆናል። በንጉሡ ዘመን ግን ኦሮምኛ በቢሮም በትምህርት ቤትም ቦታ አልነበረውም፤ ስለዚህ በአገሪቱ ታዋቂ ዘፋኝ አፍ መሰማቱ ትልቅ ነገር ነበር። ኦሮምኛ አፋቸውን የፈቱበት አባሎቻችን ስለዚህ ዘፈን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል።

ከክብር ዘበኛ በኋላ ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር በምንለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ዘፈነ። ንጉሡ ፊትም ቀረበ። አስሮት የነበረው መንግሥት አጨበጨበለት ማለት ነው።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ድርቅ ጊዜ ለተራቡት ገንዘብ ለማሰባሰብ ዘፍኗል። ዋይ ዋይ ሲሉ የተባለው ዘፈኑ የረሃብ ዘፈን ነው። ከመካከላችን በ1977 ዓ.ም. በልጅነታቸው ከወሎ ተነሥተው እዚህ የደረሱ ሁለት እናቶች አሉ፤ ይህ ዘፈን በሬዲዮ ሲመጣ አንዷ ድምፁን ከፍ ታደርጋለች፣ ሌላዋ ትዘጋዋለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው ብለን እናምናለን። ረሃብ በመንግሥት ዘንድ እንዲሸፈን ይፈለግ በነበረበት አገር ስለ ረሃብ አልቅሶ መዝፈን ፖለቲካ ነው፤ ዘፋኙ ፖለቲካ ባይለውም።

በደርግ ዘመን ደግሞ የሀገር ጥሪ ዘፈኖችን ዘፍኗል። እዚህ ላይ አልተስማማንም። ልጆቻቸውን ለጦርነት የሰጡ እናቶች እነዚያን ዘፈኖች ዛሬም መስማት አይፈልጉም። ሌሎቻችን ለአገር እንጂ ለደርግ አልዘፈነም እንላለን። ይህን ልዩነት ሸፍነን መልካሙን ብቻ መጻፍ አልፈለግንም።

በ1985 ዓ.ም. አንገቱን በስለት ተወግቶ ከሞት ተረፈ። በኋላም በስኳር በሽታ ምክንያት አንድ እግሩ ተቆረጠ። መዝፈኑን ግን አልተወም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦም መድረክ ላይ ወጥቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። አያቱ የተመኙለትን የትምህርት ማዕረግ በዘፈኑ አገኘው።

ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ ፋሲካ ነበር፤ በመስቀል የተወለደ በትንሣኤ አለፈ። በየቤቱ ዶሮው ገና ከምድጃ ሳይወርድ ወሬው ተሰማ። የተቀበረው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ከአስኮ ለቀብሩ የሄድነው እስከ ፒያሳ በታክሲ፣ ከዚያ በኋላ በእግር ነበር፤ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶት ነበርና። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ስንሄድ ከፊታችን ካሴት የሚያዞሩ ልጆች የእሱን ዘፈን ከፍተው ነበር፤ ዝጉት ያላቸው ሰው ግን አልነበረም።