ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን፦ ከአድዋ ሰማይ እስከ ቦምብ ጣዮች አጃቢዎች

እ.ኤ.አ. በ1935 የጣልያን መርከቦች ከስዊዝ ቦይ ተነሥተው ጅዳን በስተግራ እየተዉ ወደ ደቡብ ይጎርፉ ነበር። ባሕሩን ተሻግረው ምጽዋ ላይ ያራገፉት ወታደር ብቻ ሳይሆን ቦምብና የጦር አውሮፕላን ጭምር ነበር። በወቅቱ አዲስ አበባ ተዋጊ ለማለት የሚያስደፍር አውሮፕላን አልነበራትም። የነበሯት ጥቂትና አሮጌ፣ አብዛኞቹም መሣሪያ ያልታጠቁ ነበሩ። አዛዣቸው ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን ነበሩ።

ሮቢንሰን ፍሎሪዳ ተወልደው በሚሲሲፒ የወደብ ከተማ በገልፍፖርት አደጉ። በአላባማ በሚገኘው የተስኪጊ ትምህርት ቤት የመኪና መካኒክነት ተምረው ቺካጎ ሄዱ። በዚያ የነበረው የከርቲስ ራይት የበረራ ትምህርት ቤት በቀለማቸው ምክንያት አልቀበልም ሲላቸው በዚያው ጽዳት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ፤ ክፍሉን እየጠረጉም ትምህርቱን አዳመጡ። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ ራሱ ተቀበላቸው። እ.ኤ.አ. በ1934 አውሮፕላን እያበረሩ ወደ ተስኪጊ ተመልሰው የጥቁሮች የበረራ ትምህርት እንዲከፈት ጠየቁ፤ ጥያቄው ግን ወዲያው አልተፈጸመም።

በአሜሪካ ሕክምና ይማሩ የነበሩት መላኩ በያን ባመቻቹት ግብዣ በ1935 ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም የኮሎኔልነት ማዕረግ ሰጥተው የአየር ኃይሉ አዛዥ አደረጓቸው። ጥቅምት 3 ቀን 1935 (እ.ኤ.አ.) የጣልያን አውሮፕላኖች አድዋን ሲደበድቡ እዚያው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት በአዲስ አበባና በጦር ግንባሩ መካከል መልእክት ያመላልሱ ነበር። ጠላት ሲያሳድዳቸው መከላከያቸው ተራራውን ተጠግቶ መብረርና ደመና ውስጥ መግባት ብቻ ነበር። ቆስለዋል፤ የመርዝ ጋዙም ደርሶባቸዋል። አዲስ አበባ ልትያዝ ጥቂት ሲቀራት አገሪቱን ለቀቁ።

በዚያው ዘመን ከተስኪጊ ብዙም በማይርቀው በማክስዌል የአሜሪካ ጦር የአየር ትምህርት ቤት፣ በጥሩ ሁኔታ የታጠቀ ቦምብ ጣይ ያለ አጃቢ ኢላማው ይደርሳል የሚለው አስተሳሰብ ነግሦ ነበር። በኢትዮጵያ ሰማይ ቦምብ ጣዩ ያሻውን ያደረገው ግን የሚገታው ስላልነበረ ነው። የሚገታው ሲኖር ምን እንደሚሆን በጀርመን ታየ፤ ጥቅምት 14 ቀን 1943 (እ.ኤ.አ.) ወደ ሽቫይንፈርት ከዘመቱት ቢ-17 አውሮፕላኖች 60ዎቹ ወደቁ፤ በእያንዳንዳቸው 10 ያህል ሰዎች ነበሩ። የዚያን ጊዜ አጃቢዎች ነዳጃቸው ስለማይበቃ ከመንገድ ይመለሱ ነበር። መፍትሔ የሆነው በእንግሊዞች የመርሊን ሞተር የተሻሻለውና በክንፉ ሥር ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ የሚሸከመው አሜሪካዊው ፒ-51 ሙስታንግ ነው።

ሮቢንሰን በ1934 የጠየቁት ትምህርትም በመጨረሻ ተስኪጊ ደርሷል። በ1936 ሲመለሱ ሃርለምና ቺካጎ በብዙ ሺህ ሕዝብ ተቀብለዋቸው ስለነበር፣ የጥቁር አብራሪ ነገር ከእንግዲህ የሚናቅ አልሆነም። ከ1941 ጀምሮ ጦሩ ጥቁር አብራሪዎችን በተስኪጊ ማሠልጠን ጀመረ፤ ሮቢንሰን ግን በዚያ ሳይሆን በሌላ ሰፈር የአውሮፕላን መካኒኮችን ያስተምሩ ነበር። የአውሮፕላናቸውን ጅራት ቀይ የቀቡት የተስኪጊ ልጆች በ1944 ከጣልያን ምድር፣ ከራሚቴሊ እየተነሡ ቦምብ ጣዮችን አጀቡ። አድዋን የደበደቡት አውሮፕላኖች የመጡት ከዚያችው አገር ነበር። አዛዣቸው ቤንጃሚን ዴቪስ የጠላትን አውሮፕላን እያሳደዱ ቦምብ ጣዮቹን ጥለው እንዳይሄዱ በጥብቅ ያዝዙ ነበር። አንድም ቦምብ ጣይ አላስመቱም የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም፤ 27 ያህል ወድቀውባቸዋል። ይህም ከሌሎቹ አጃቢ ጓዶች አማካይ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ሮቢንሰን በ1944 ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ኢትዮጵያ ተመልሰው ወጣት አብራሪዎችን አሠለጠኑ። በ1945 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ያበረከቱት ዳኮታ የሳዑዲን የመንገደኞች በረራ ጀመረ፤ በ1946 የኢትዮጵያ አየር መንገድም በዚያው ዓይነት አውሮፕላን ሥራ ጀመረ። ሁለቱንም የረዳቸው የአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ኩባንያ ነበር። የሮቢንሰን ዕድል ግን ያን ያህል የተቃና አልነበረም። ከስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ጋር ተጋጭተው ከአየር ኃይሉ ሥራ ወጡ፤ አገሪቱን ግን አልለቀቁም። በመጋቢት 1954 (እ.ኤ.አ.) ያበሩት የነበረው ትንሽ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ተከሰከሰ፤ በደረሰባቸውም ጉዳት አረፉ። መቃብራቸው ጉለሌ ነው።