የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የኳስ ዕድሜ

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ ነበሩ፤ ልጅየው ግን ኳስን መረጡ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳሉ ማሊያውን ለበሱ፤ 23 ዓመትም ተጫወቱለት። በአሠልጣኝነታቸው ዘመን፣ በ1954 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች።

ከ1964 ዓ.ም. እስከ ሕልፈታቸው የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሩ። ከ20 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች አህጉራዊ ውድድር በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው በዚሁ ጊዜ ነው። ከዋንጫው ይልቅ ይህ የሚበልጥ ይመስላል። በቢቸና ወይም በሞጣ ሜዳ የጨርቅ ኳስ እየጠለዘ ያደገ ልጅ በአንድ ዝላይ ብሔራዊ ቡድን አይገባምና፤ በመካከል ያለው ዕድሜ የራሱን መወጣጫ ይሻል። ይድነቃቸው ልጅ ሳሉ እንዲህ ያለ መወጣጫ አልነበረም።

በአፍሪካ ዋንጫ አንድ አገር በውጭ ከሚጫወቱ ልጆቹ ከሁለት በላይ እንዳያሰልፍ የሚያግደው ደንብ በ1974 ዓ.ም. ተሻረ። ደንቡ ላገር ቤቱ ወጣት ቦታ ይጠብቅለት ነበር፤ ባሕር የተሻገረውን ግን ከወገኑ ይለየው ነበር። ሁለቱንም ማስታረቅ ቀላል አልነበረም።

በ1977 ዓ.ም. ቻይና ላይ የናይጄሪያ ታዳጊዎች ከ16 ዓመት በታች የሆነውን የመጀመሪያውን የዓለም ውድድር አሸነፉ። አቶ ይድነቃቸው ይህን አይተው በነሐሴ ወር 1979 ዓ.ም. ዐረፉ።