ባብ ዙወይላ፦ ከረሃብ በኋላ የቆመው በር

በጥንታዊቷ ካይሮ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከድንኳን ሰፊዎች ጎዳና ፊት ለፊት፣ ባብ ዙወይላ የሚባል የድንጋይ በር አለ። ከሁለት ግዙፍ ማማዎች መካከል ባለው ቅስት ሥር ጋሪ ገፊው፣ ነጋዴውና ተማሪው ቀኑን ሙሉ ይተላለፋሉ። ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ ዐይኑን አስቀድሞ የሚጥለው ከማማዎቹ በላይ ወደ ሰማይ በወጡት ሁለት ሚናራዎች ላይ ነው። እነርሱ ግን ከ300 ዓመታት በኋላ የሱልጣን አል ሙአየድ መስጊድ ሲታነጽ የተጨመሩ ናቸው። በሩን ያሠራው ሌላ ሰው ነው፤ በባርነት ተሸጦ ኋላ የግብፅን ምድር በእጁ ያስገባው በድር አል ጀማሊ።

በድር በትውልዱ አርመናዊ ነበር። ጀማል አድ ደውላ የተባለ የሶርያ መስፍን በገንዘብ ገዛው፤ አል ጀማሊ የሚለው መጠሪያውም ከጌታው ስም የመጣ ነው። ከባርነት ያወጣው ውትድርና ነበር። ለካይሮው የፋጢሚድ ኸሊፋ ደማስቆን 2 ጊዜ አስተዳደረ፤ 2 ጊዜም አመጽ ተነሥቶበት ለቅቆ ወጣ። ከዚያም በሜዲትራኒያን ዳርቻ የምትገኘው የአካ ወደብ አዛዥ ሆነ።

እርሱ በአካ ሳለ ግብፅ በረሃብ ትማቅቅ ነበር። የግብፅ ገበሬ ደመናን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው የወንዙን ሙላት ነው። ሙላቱ ደግሞ በአብዛኛው የሚወለደው በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከሚጥለው የክረምት ዝናብ ነው፤ ዓባይና ተከዜ ሲጎድሉ በሩቅ ያለው እርሻ ይደርቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1065 እስከ 1072 ድረስ የሆነው ይኸው ነበር። ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በውኃው ላይ መጣል ፍትሐዊ አይሆንም። በኸሊፋ አል ሙስተንሲር ጦር ውስጥ የነበሩት ቱርኮችና ጥቁር ወታደሮች እርስ በርሳቸው ተዋጉ፤ መንደሮች ተዘረፉ፤ ውኃ በተገኘበትም ቦታ የሚያርስና የሚዘራ ጠፋ። ውሻና ድመት ለምግብ እስከ መሸጥ መድረሳቸውን የዘመኑ ታሪክ መዝግቧል። የኸሊፋው ግምጃ ቤትና ቤተ መጻሕፍት ሳይቀሩ በገዛ ወታደሮቹ ተበረበሩ።

ተስፋ የቆረጠው ኸሊፋ በምስጢር ወደ አካ ላከ። በድር ጥሪውን የተቀበለው የራሱን ሠራዊት ይዞ እንዲመጣ ከተፈቀደለት ብቻ እንደሆነ አስታውቆ ነበር። በ1073 መጨረሻ፣ መርከበኞች ባሕሩን በሚፈሩበት የክረምት ወራት፣ አርመናውያን ወታደሮቹን አሳፍሮ ተነሣ፤ በ1074 መባቻም ካይሮ ገባ። የቱርክ አለቆች ለምን እንደመጣ አላወቁም ነበርና በእንግድነት አስተናገዱት። እርሱም በተራው ግብዣ ጠራቸው። በዚያች ሌሊት እያንዳንዱን አለቃ የሚገድል አንድ አንድ ሰው መድቦ ሁሉንም አስፈጃቸው። የካይሮ ሰላም የተጀመረው እንዲህ ባለ ደም ነው፤ በኋላ የሠራው በጎ ሥራም ይህን አያጥበውም።

ኸሊፋው የጦሩን፣ የአስተዳደሩንና የዳኝነቱን ሥልጣን ጠቅልሎ ሰጠው። በድርም በሰሜን የወንዙን ደለል ምድር፣ በደቡብም የላይኛውን ግብፅ ከሽፍታና ከአመጸኛ አጸዳ። ከሁሉ የሚልቀው ሥራው ግን በእርሻው ላይ የሆነው ነው። ባዶ ጎተራ ያለውን ገበሬ ግብር አምጣ ማለት ዘሩን መንጠቅ እንደሆነ የተረዳ ይመስላል። ለ3 ዓመታት የመሬት ግብር ማረ። የተሰደደው ተመለሰ፣ ጦም ያደረው መሬት ታረሰ፣ ነጋዴውም መንገዱ ሲከፈትለት እህል ወደ ከተማ ገባ። የመንግሥት ገቢ ኋላ ላይ ከቀድሞው ከፍ ያለው ግብር በመጨመር ሳይሆን ገበሬው እስኪያገግም በመታገሥ ነው።

የድንጋዩ ሥራ የመጣው ከእህሉ በኋላ ነው። በ1077 አጽሲዝ የተባለ የቱርክሜን የጦር መሪ እስከ ካይሮ ደጃፍ ዘልቆ ነበር። በድር ድል ቢያደርገውም፣ ከመቶ ዓመት በፊት በጭቃ ጡብ የተሠራው ቅጥር ከተማዋን እንደማያድናት ተመለከተ። ከ1087 ጀምሮ ቅጥሩን አስፍቶ በድንጋይ ያጠናክር ጀመር። በሰሜን ባብ አን ነስርንና ባብ አል ፉቱሕን፣ በ1092 ደግሞ በደቡብ ባብ ዙወይላን አቆመ። ሦስቱን በሮች ከኤዴሳ የመጡ ሦስት ወንድማማቾች እንደሠሯቸው ይተረካል። በባብ ዙወይላ መግቢያ የጠላት ፈረስ እግሩ እንዳይጸና የሚያንሸራትት የጥቁር ድንጋይ ዳገት ተነጥፎ ነበር ይባላል፤ በኋላ ዘመን የሱልጣን አል ካሚል ፈረስ በላዩ ስለወደቀ ሱልጣኑ አስነሣው።

በድር የኢትዮጵያንም ጉዳይ ነክቷል። በዚያ ዘመን ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የሚሾመው የእስክንድርያው ፓትርያርክ ነበርና የካይሮ ገዢ እጅ ከሹመቱ አልራቀም። አቡነ ሳዊሮስ በፓትርያርክ ቄርሎስ ተሹመው የመጡት በበድር ግፊት ነው። በምላሹ ወደ ካይሮ ስጦታ እንዲልኩና ለሙስሊሞች መስጊድ እንዲያሠሩ ይጠበቅ ነበር፤ ነገሩ እንደታሰበው ባለመሆኑ የበድር ቁጣ በፓትርያርኩ ላይ ወረደ።

በድር አል ጀማሊ በ1094 ከ80 ዓመት በላይ ኖሮ አረፈ። ሥልጣኑን ልጁ አል አፍደል ወረሰ፤ አል ሙስተንሲርም በዚያው ዓመት ተከተለው። የፋጢሚዶች መንግሥት በ1171 ሲወድቅም በሮቹ በነበሩበት ቆዩ። ዛሬ በባብ ዙወይላ ሥር ወደ ሰሜን የሚሻገር ሰው የአል ሙዒዝን ጎዳና ይዞ ከሄደ፣ በሌላኛው ጫፍ የሚያገኘው የበድርን ባብ አል ፉቱሕ ነው።